ከሚበልጥ ሰው ሥራ ስለ መማር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ገበሬ እህሉን ወቅቶ፥ ምርቱን ከገለባው ለይቶ በቁና በሚሰፍርበት ቀን ዓይኑ በራሱ አውድማ ላይ ብቻ አይቀርም። ከወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ስንት ቁና እንዳገባ ይሰማል። መሬቱ ያው መሬት፥ ዝናሙም ያው ዝናም ሆኖ ሳለ የጎረቤቱ ምርት በልጦ ቢያገኘው በልቡ አንድ ነገር ይነሣበታል። ይህም በልብ የሚነሣው ነገር ቅንዓት ይባላል። ቅንዓት ግን ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን «ምነው የእርሱ ባልበዛ» ያሰኛል፤ ይህ ጎረቤትን ያጣላል እንጂ ጎተራን አይሞላም። ሁለተኛው ወገን «እርሱ ይህን ያገኘው ምን ቢያደርግ ነው?» ያሰኛል፤ ይህኛው ሰውን ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ ይወስደዋል፤ ስንት ጊዜ እንዳረሰ፥ መቼ እንደ ዘራ፥ ስንት ጊዜ እንዳረመ ያስጠይቀዋል፤ በሚመጣውም ዓመት ምርቱን ያበዛለታል። ይህ ንግግር ስለ ሁለተኛው ቅንዓት ነው።

ታላላቅ የንግድ ኩባንያዎች፥ ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህን የገበሬውን ጥያቄ ሥርዓት አበጅተውለት ይሠሩበታል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ቤንችማርኪንግ ይሉታል። ቃሉ የተገኘው ከመሬት ለኪዎች ነው። መሬት ለኪዎች የአንድን ስፍራ ከፍታ ለክተው ካወቁ በኋላ በማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም በግንብ ላይ ምልክት ይቀርጻሉ፤ ከዚያም ወዲያ የሌላውን ስፍራ ከፍታና ዝቅታ የሚያውቁት ከዚያ ምልክት እየተነሡ ነው። ነገሩ በአማርኛ ሲፈታ፥ የራስን ሥራ በትክክል ለክቶ፥ ያንኑ ሥራ አብልጦ ከሚሠራው ጋር አስተያይቶ፥ የብልጫውን ምክንያት መርምሮ፥ ለራስ እንዲስማማ አድርጎ መውሰድ ማለት ነው። እንግዲህ ሥራው አራት ነው፤ ይኸውም መለካት፥ ማስተያየት፥ መመርመር፥ መውሰድ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ሦስቱ አይጠቅሙም። ይህም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች በሁለት ታሪክ ይገለጣል። በታሪኮቹ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ታሪክ የኩባንያ ታሪክ ነው። ዜሮክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1959 ጀምሮ ጽሑፍን በተራ ወረቀት ላይ የሚገለብጥ መኪና ለዓለም አቀረበ። ብዙ ዘመንም ተወዳዳሪ ሳያገኝ ቆየ። ተወዳዳሪ የሌለው ሰው ግን ራሱን የሚለካበት አያገኝምና፥ ሥራው እየከበደና ወጪው እየበዛ ሲሄድ አላስተዋለውም። ከዚህ በኋላ የጃፖን ኩባንያዎች ተመሳሳይ መኪና ሠርተው በርካሽ ዋጋ ወደ ገበያ አወጡ። በ1979 የዜሮክስ ሰዎች የባላጋራዎቻቸውን መኪና ፈታተው፥ ወጪውንም አስልተው ቢመረምሩ፥ ጃፖኖች መኪናውን የሚሸጡበት ዋጋ ዜሮክስ መኪናውን ለመሥራት ብቻ ከሚያወጣው ገንዘብ ጋር የሚተካከል ሆኖ አገኙት። «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ቢል መከራ ይምከረው» እንደሚባለው፥ ባለ ብዙ ሀብት የነበረው ኩባንያ መማር የጀመረው መከራ ከመከረው በኋላ ነው።

በዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ዜሮክስ ዕቃውን ከመጋዘን አውጥቶ ለገዢዎች የሚልክበት ሥራ ዘገምተኛ ነበረ። ይህን ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ፥ የተገኘው የመኪና ሠሪ አልነበረም። ኤል ኤል ቢን የሚባል፥ በሜይን አገር ተቀምጦ ጫማና የአደን ልብስ በፖስታ የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዜሮክስ ሰዎች ወደ ጫማ ነጋዴው መጋዘን ሄደው፥ ሠራተኛው ዕቃውን እንዴት እንደሚያስቀምጥና እንዴት ፈጥኖ እንደሚያነሣ ተመለከቱ፤ ያዩትንም ለራሳቸው መጋዘን እንዲስማማ አድርገው ወሰዱ። በ1989 ከኩባንያው ክፍሎች አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ለሥራ ጥራት የሚሰጠውን የማልኮም ባልድሪጅ ሽልማት ተቀበለ። ስለዚህ መማር የሚፈልግ ሰው «የሙያ ባልደረባዬ ማነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ይህችን አንዲት ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሚሠራት ማነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የኩባንያው ነገር የገንዘብ ነገር ነው። ሁለተኛው ታሪክ ግን የሰው ሕይወት ነገር ነው።

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ሜይን፥ ኒው ሃምፕሸርና ቬርሞንት የሚባሉ ሦስት አገሮች አሉ። በእነዚህ አገሮች የልብ ኦፕራሲዮን የሚያደርጉ አምስት ሆስፒታሎች ነበሩ። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በተደፈነ ጊዜ፥ ሐኪሙ ከበሽተኛው እግር ወይም ከደረቱ ሌላ የደም ሥር ወስዶ፥ ደሙ የተደፈነውን አልፎ የሚሄድበት አዲስ መንገድ ያበጃል። ይህ ብዙ ሰው የሚያድን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚሞቱም አሉ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት በየሆስፒታሉ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ማሳተም ጀምሮ ነበርና፥ ሐኪሞች «ቁጥሩ የበሽተኛውን ሁኔታ አላገናዘበም» እያሉ ይከራከሩ ነበር። የእነዚህ የሦስቱ አገሮች ሐኪሞች ግን በክርክር ብቻ አልቀሩም። በ1987 ማኅበር አቁመው፥ እያንዳንዱን የልብ ኦፕራሲዮን ራሳቸው በአንድ ዓይነት መዝገብ መጻፍ ጀመሩ።

ከ1987 እስከ 1989 ድረስ የ3,055 በሽተኞች ነገር ተመዘገበ። ከ1,000 በሽተኞች 43 ያህሉ ከሆስፒታል ሳይወጡ ሞተው ተገኙ። ይህ ግን የሁሉም ድምር ነው። በየሆስፒታሉ ሲታይ፥ ከሁሉ በተሻለው ሆስፒታል ከ1,000 የሚሞቱት 31 ሲሆኑ፥ ከሁሉ በከፋው 63 ነበሩ። አንዱ ከሌላው እጥፍ ያህል ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ማናቸውም ሰው የሚያነሣው ምክንያት ተነሣ፤ ይኸውም «ወደ እኛ የሚመጣው በሽተኛ ከሌላው ይልቅ የደከመ ነው» የሚለው ነው። ይህ ምክንያት ሐሰት ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ሊሰፋ እንደሚችል ሁሉ፥ ሽማግሌና ብዙ ደዌ ያለበት ሰው የሚመጣበት ሆስፒታል ብርቱ ጎልማሳ ከሚመጣበት ጋር እንዲሁ ሊመዘን አይገባም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የበሽተኛውን ዕድሜ፥ የልቡን ድካም፥ ያለበትንም ሌላ በሽታ ሁሉ በስሌት አስገብተው ቁናውን አስተካከሉት። ቁናው ከተስተካከለ በኋላ ግን ልዩነቱ አልጠፋም። እንግዲህ ልዩነቱ በበሽተኛው ብቻ የመጣ ሳይሆን በሥራው ውስጥም የነበረ መሆኑ ታወቀ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የሚነካው ይህን ሳያደርግ የሌላውን ጉድለት የሚቈጥረውን ሰው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታሪኩ እምብርት ነው። ቁጥሩ «የትኛው ሆስፒታል ይበልጣል?» የሚለውን ብቻ ይናገራል፤ «ስለ ምን በለጠ?» የሚለውን አይናገርም። ይህን ለማወቅ በእግር ሄዶ በዓይን ከማየት በቀር ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ በ1990 እና በ1991 ሦስት ነገር ተደረገ። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ሐኪም የገዛ ሥራው ውጤት ተጽፎ ተሰጠው። ሁለተኛ፥ ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ትምህርት ተማሩ። ሦስተኛ፥ አንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሆስፒታል እየሄደ ሥራውን ጐበኘ። የሄዱትም ሐኪሞቹ ብቻ አልነበሩም፤ ማደንዘዣ የሚሰጡት፥ ነርሶቹ፥ በኦፕራሲዮን ጊዜ በልብና በሳንባ ፈንታ የሚሠራውን መኪና የሚጠብቁትም አብረው ሄዱ። እያንዳንዱም የሙያ ባልደረባውን ከጧት ጀምሮ ሲሠራ ተመለከተ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ተምረናል ብለው ያስቡ የነበሩ ሰዎች፥ አንዱን ሥራ በየቤታቸው በልዩ ልዩ መንገድ ይሠሩት እንደ ነበረ አስተዋሉ። እያንዳንዱ ቤትም ካየው ውስጥ ለእርሱ የሚሆነውን መርጦ ወሰደ።

ከዚያም ቁጥሩ እንደ ገና ተቈጠረ። እስከ 1993 በተደረገው ቁጥር፥ ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ጊዜ የሞቱት ሰዎች፥ በፊት እንደ ነበረው ቢሆን ኖሮ ይሞታሉ ተብለው ከታሰቡት በ74 አንሰው ተገኙ። ይህም ከመቶ 24 እጅ መቀነስ ነው። የሥራው ታሪክ በ1996 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታተመ። እርግጥ በዚያው ዘመን በሌላም ስፍራ የልብ ሕክምና እየተሻሻለ ይሄድ ነበርና፥ ትርፉ ሁሉ ከጉብኝት ብቻ የተገኘ ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን 23 የልብ ሐኪሞች የገዛ ጉድለታቸውን በቁጥር አይተው፥ ሳይጣሉና ሳይደብቁ፥ አንዱ ከሌላው ደጃፍ ሄዶ ለመማር መብቃታቸው ብቻውን ታላቅ ነገር ነው።

ለመሆኑ ይህን ሊያደርጉ የቻሉት በምን ምክንያት ነው? በተለይ በአንድ ነገር ነው። ቁጥሩ ለመማሪያ ተሰበሰበ እንጂ ለመወቃቀሻ አልተሰበሰበም። በታተመው ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ሆስፒታሎቹና ሐኪሞቹ በየስማቸው ተጠርተው «ይህ የከፋ ነው» አልተባለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን በሽታውን በገለጠ ጊዜ የሚሰደብ ከሆነ ማንም ሰው ደብቆ መሞትን ይመርጣል። ስለዚህ እውነተኛ ቁጥር የሚፈልግ ሹም አስቀድሞ እውነት የሚናገረውን ሰው መጠበቅ ይገባዋል።

ይህ ጥንቃቄ የተተወ እንደ ሆነ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ነው። ቁጥሩ ለመማሪያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጌታ በሆነ ጊዜ፥ ሰው ለሥራው መድከሙን ትቶ ለቁጥሩ መድከም ይጀምራል። የሚወቀስ ሐኪም የደከመ በሽተኛ መቀበልን ይፈራል። የሚወቀስ መምህርም ደካማውን ተማሪ ከመዝገብ ሊፍቅ፥ ቀሪውንም መጣ ብሎ ሊጽፍ ይፈተናል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል፤ ልጁ ግን ከደጅ ይቀራል።

እንዲህ ያለው መማማር ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። በ2012 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሆስፒታሎች የጥራት ኅብረት አቁሞ፥ በሥራቸው የተሻሉት ሆስፒታሎች በአካባቢያቸው ያሉትን ሌሎቹን እንዲረዱና እንዲያስተምሩ አደረገ። ለሆስፒታል የሚሆነው ለመንደር ትምህርት ቤትም ይሆናል፤ እንዲያውም ወጪ የለበትም። ከመዝገብ፥ ከእርሳስና ከአንድ ቀን መንገድ በቀር የሚጠይቀው የለም።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ይታሰብ። በወዲህኛው በመስከረም 60 ልጆች አንደኛ ክፍል ገብተው በሰኔ 38 ቀሩ። በወዲያኛው 60 ገብተው 52 ቀሩ። የወዲህኛው መምህር መጀመሪያ የሚያስበው «የዚህ አገር ወላጅ ትምህርት አይወድም» ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «መምህሩ አይተጋም» ይላሉ። ሁለቱም ይህን ሲሉ አሥር ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ በየዓመቱም 22 ልጆች ይጠፋሉ። ፊደል ለይቶ ማንበብ ሳይጀምር ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ የቈጠረውን ፊደል ጥቂት ቈይቶ ይረሳዋል፤ ያም የጠፋ ዓመት ተመልሶ አይገኝም።

አራቱን ሥራ በዚህ ላይ ቢያውሉት ግን እንዲህ ይሆናል። አስቀድሞ ይለካል፤ የቀሩት 22 ልጆች እያንዳንዳቸው በየትኛው ወር እንደ ቀሩ፥ ወንዶች ወይም ሴቶች እንደ ሆኑ፥ ቤታቸውም ቅርብ ወይም ሩቅ እንደ ሆነ ከመዝገብ ይለያል። ቀጥሎ ቁናው ይስተካከላል፤ ወዲያኛው ትምህርት ቤት ልጆቹ ሁሉ ከቅርብ የሚመጡ፥ ወዲህኛው ግን ወንዝ ተሻግረው የሚመጡ እንደ ሆነ፥ የቅርቦቹ ከቅርቦቹ፥ የሩቆቹ ከሩቆቹ ጋር ይተያያሉ። ልዩነቱ ከዚህ በኋላም ካልጠፋ፥ ምክንያቱን ለመመርመር መምህሩና አንድ ሽማግሌ አብረው ወደ ወዲያኛው ይሄዳሉ። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ይገባል፤ መምህሩ በክፍል ውስጥ ያለውን ያያል፥ ሽማግሌውም በመንደሩ ውስጥ ያለውን ይጠይቃል። ብቻውን የሄደ ሰው ግማሹን አይቶ ይመለሳል።

ሄደውም «ስንት ልጆች አሏችሁ?» በማለት አይወሰኑም፤ ይህንስ አስቀድመው ያውቁታል። «ልጅ በቀረ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ማን ይሄዳል? ለማን ይናገራል? በአጨዳ ጊዜስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ደወሉ ከተደወለ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ትምህርት ድረስ ቆመው ይመለከታሉ። በዚህም ምርመራ፥ በወዲያኛው መንደር ሽማግሌዎች መክረው የከብት ጥበቃውን በየቤቱ ተራ እንዳደረጉት፥ አንድ ልጅም በየቀኑ ከብት ተከትሎ በመዋል ፈንታ በተራው ቀን ብቻ እንደሚቀር ቢያገኙ፥ የብልጫውን ምክንያት አገኙ ማለት ነው።

አሁንም መውሰድ ይቀራል፤ በመውሰድም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሌላውን ልብስ እንደ ተሰፋ ወስዶ የሚለብስ ሰው ወይ ይጠበዋል፥ ወይ ይሰፋዋል። በወዲህኛው መንደር የሚቀሩት ይበልጡን ሴቶች ልጆች እንደ ሆኑ፥ ምክንያቱም የውኃ መቅዳት ሥራ እንደ ሆነ መዝገቡ ቢያሳይ፥ የከብት ጥበቃውን ተራ ገልብጦ ማምጣት አይጠቅምም። ሊወሰድ የሚገባው ተራ የማድረጉ ምክር ነው፤ እርሱም ወደ ውኃው ሥራ ይዛወራል። ይህንንም አንድ መንፈቅ ከሠሩበት በኋላ እንደ ገና ይቈጥራሉ። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ምክንያቱ ሌላ ነበረና ምርመራው እንደ ገና ይጀመራል፤ በዚህም ማንም አይወቀስም። ከተሻሻለ ደግሞ ወዲያኛው መንደር በተራው መጥቶ ይይ፤ እርሱም የሚጎድለው ነገር አያጣምና።

የሚጎበኘውም ትምህርት ቤት የሚገባው ሥርዓት አለ። በሥራው የበለጠ ሰው የሚያውቀውን ሳይሸሽግ መግለጥ፥ ያልተሳካለትንም አብሮ መናገር ይገባዋል። ለእንግዳ ሲባል ክፍል ጠርጎ፥ ጐበዝ ጐበዙን ልጅ ከፊት አስቀምጦ የሚያሳይ መምህር እንግዳውንም ራሱንም ይጎዳል፤ እንግዳው የሚማረው ከበዓል ቀን ሥራ ሳይሆን ከዘወትር ቀን ሥራ ነውና።

የተከበራችሁ መምህራን፤ በመጪው መስከረም ከመዝገባችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጡ። የቀሩትን ልጆች ቁጥር ወይም በሁለተኛ ክፍል አንድ ገጽ አጥርተው የሚያነቡትን ልጆች ቁጥር ይሁን። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚለካ ሰው አንዱንም አያሻሽልም። የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፤ ቁጥሩ ያነሰ ቢሆን መምህሩ በአደባባይ እንዳያፍር ጠብቁት፤ ከእርሱም ጋር የአንድ ቀን መንገድ ሂዱ። የሄዳችሁበትን ትምህርት ቤት ሰዎችም በተራቸው ጥሩ። «ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና፥ በዚህ ዓመት ከ22ቱ አምስት ልጆች ቢተርፉ ጥቂት ነው አይባልም። አምስት ቤት ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አገኘ ማለት ነው።

እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።